ራሁ ፀሐይን የዋጠባት ሰኞ

ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ጎረቤቴን የደብዳቤ ሳጥናቸው አጠገብ ቆማ አገኘኋት። መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ሰላም ልላት ጠጋ ስል ፊቷን አየሁት። ከዓይኖቿ ሥር አብጧል፤ ጉንጮቿ ተወጥረዋል። የጋብቻ ቀለበቷም ጣቷ ላይ የለም፤ አውጥታ የአንገት ሐብሏ ላይ አንጠልጥላዋለች። ስምንተኛ ወሯን ይዛ ነበር።

“ራሴን እያመመኝ ነው” አለችኝ። “እንቅልፍ ማጣት ነው መሰለኝ።”

“አይዞሽ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ” አልኳት።

ሌላ ምንም ሳልል ወደ ቤቴ ገባሁ።

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ባዮሎጂ ነው። የእርጉዝ ሴት ፊትና እጅ በድንገት ሲያብጥ፣ ራስ ምታት ሲጨመርበት፣ አደገኛው የእርግዝና ደም ግፊት ሊሆን እንደሚችል ተምሬያለሁ፤ ፈተና ላይም በትክክል መልሻለሁ። ያደግሁበት ቤት ደንብ ግን ከፈተናው ይበልጥ ውስጤ ገብቷል። እኛ ቤት ስለ እርጉዝ ሴት መልክ አይወራም። ወፈርሽ፣ ከሳሽ፣ ፊትሽ ሞላ አይባልም። አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አንዲት እርጉዝ ሴት አይቼ “ሆድሽ እንዴት ትልቅ ነው!” ስል እናቴ ክንዴን ቆንጥጣ መኪና ውስጥ አስገባችኝ። “ነገ አንድ ነገር ብትሆን የዚያች ልጅ ዓይን ነው ይባላል። ገባሽ?” አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እርጉዝ ሳይ ዓይኔን ጫማዋ ላይ ማሳረፍ ለመድኩ።

የጎረቤቶቼም ቤት ዓይን ይፈራል። ከጋራዣቸው በር በላይ አንድ የጋኔን ፊት ተሰቅሏል። ቀይ ነው፤ ዓይኖቹ ፈጠዋል፣ ጥርሱ ገጥጧል፣ ምላሱ እስከ አገጩ ወርዷል። ወደዚህች ከተማ ወደ ሳክሲ በገባን ሰሞን እናቴ ያንን ፊት ስታይ አማትባ በማዶ በኩል ነበር የምታልፈው። በኋላ ጎረቤቴ “የሰው ዓይን እኛ ላይ ከማረፉ በፊት እሱ ላይ እንዲያርፍ ነው እንጂ አናመልከውም” ብላ አስረዳችኝ። ይህን ስሰማ እንዲያውም ባሰብኝ። እነሱም እንደ እኛ ከሆኑ፣ ፊትሽ አብጧል ብዬ ብወጣ ምን ሊሉኝ ነው?

የጎረቤቴ እናት ለወሊዷ ከደቡብ ሕንድ የመጡት ከገና በኋላ ነበር። እሷ “አማ” ትላቸዋለች፤ እማዬ ማለት ነው። እኔ እንደ አገራቸው ልማድ “አንቲ”፣ አክስቴ እንደማለት፣ እላቸዋለሁ። የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነው፤ ስጽፋቸው ግን ከአንቱ በታች ልወርድ አልችልም። አጭር ሴት ናቸው፤ ዝንጅብል እየላጡ፣ ምስር እየለቀሙ ያለማቋረጥ ያወራሉ። እኔ ደግሞ ከሰው ጋር ማውራት አይሆንልኝም። ስለዚህ ከሥራ ስመለስ ኩሽናቸው ገብቼ እሰማቸው ነበር። ተረት የሚነግር ሰው ፊት መልስ አይጠበቅብኝም።

የሚያወሩኝ ስለ ጋኔኖቻቸውና ስለ ጭራቆቻቸው ነው። ቆንጆ ሴት መስላ መጥታ ሕፃን በመርዝ ጡቷ ልትገድል ስለሞከረች ጋኔን ነገሩኝ። አሥር ራስ ስላለው ንጉሥም ነገሩኝ። አንዱ ንጉሥ ደግሞ በሰውም በአውሬም፣ በቀንም በሌሊትም፣ በቤትም በደጅም እንዳይሞት ቃል ተሰጥቶት ነበር። ይህንን ንጉሥ ከወገቡ በላይ አንበሳ፣ ከዚያ በታች ሰው የሆነ ፍጡር ከምሰሶ ውስጥ ወጥቶ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ደፍ ላይ ተቀምጦ በጥፍሩ ዘረገፈው።

ያን ሰሞን ግን የፀሐይ ግርዶሽ እየቀረበ ስለነበር ወሬያቸው ሁሉ ራሁ ሆነ።

“አማልክትና ጋኔኖች ሞትን የሚያስቀር መጠጥ ፈልገው የወተት ባሕሩን ናጡት” አሉኝ። “ተራራው መናጫ፣ ታላቁ እባብ ገመድ። መጠጡ ሲወጣ አማልክቱ ለብቻቸው ሊጠጡት ተሰለፉ። አንድ ጋኔን መልኩን ቀይሮ በፀሐይና በጨረቃ መካከል ገብቶ ተቀመጠ። ሊውጥ ሲል ፀሐይና ጨረቃ አወቁትና ‘ይሄ የእኛ አይደለም!’ ብለው ጮኹ። ወዲያው አንገቱ በስለት ተቀላ። ግን መጠጡ ጉሮሮው ደርሶ ነበር። ገላው ወደቀ፤ ራሱ አልሞተም። ያ ራስ ራሁ ነው። እስከ ዛሬ እያሳደደ ይውጣቸዋል፤ ሆድ ስለሌለው በአንገቱ በኩል ይወጣሉ።”

“ለምን የቀላውን አያሳድድም?” አልኩ።

“የቀላውማ ኃይለኛ ነው። ቂም የሚያዘው በጠቆመ ሰው ላይ ነው” አሉኝ።

ግርዶሹ ሰኞ ቀትር ላይ ነበር። የምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ ተዘግቷል፤ ትምህርት ቤቶችም። የሰፈሩ ልጆች የካርቶን መነጽር አድርገው ሣሩ ላይ ይጋፋሉ። አባቴ መንገደኛ ሊያመላልስ ኤርፖርት፣ እናቴ ጋርላንድ ወዳለው የአረጋውያን መጦሪያ ሥራዋ ሄደዋል። ረፋዱ ላይ ከጎረቤቴ ቴክስት መጣልኝ። “ነይ። አማ አሰረችኝ።”

ስገባ ቤቱ ጨለማ ነው። መስኮቶቹ ሁሉ አንሶላ ተጋርዶባቸው በልብስ መቆንጠጫ ተይዘዋል። የድስቶቹ ክዳን ላይ፣ የውሃው ጆግ ላይ የግርዶሹ ክፉ እንዳይነካቸው የደረቀ ሣር ተደርጓል። ጎረቤቴ ሶፋው ላይ ተጋድማለች።

“ያንን ሣር በሻንጣ ነው ከሕንድ ያመጣችው” አለችኝ። “ኤርፖርት ላይ ‘ለጸሎት ነው’ አለቻቸው። ውሻው ራሱ አሽትቶ ዝም አለ።”

“ውሻው ከአንቺ ይሻላል፤ ያከብራል” አሉ አንቲ ከኩሽና።

“ቢላውን ደበቀች፣ መቀሱን ደበቀች፣ ጥፍር መቁረጫዬን ሳይቀር ደበቀች። ከማታ ጀምሮ ውሃ እንኳ የለም። ሶ፣ እስረኛ ነኝ።”

“የወንድሜ ሚስት በግርዶሽ ዕለት ጎመን ከተፈች” አሉ አንቲ እጃቸውን በሳሪያቸው ጫፍ እየጠረጉ መጥተው። “ልጁ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ተወለደ። ይሄ ተረት አይደለም። በእጄ አጥቤዋለሁ፤ በማንኪያ አጥብቼዋለሁ።”

ልጃቸው ዓይኗን ጨፈነች። ስቃ የምታሳልፈው መስሎኝ ነበር፤ አልሳቀችም። “ዓይኔ ላይ ትንኝ ነገር ይበርራል” አለችኝ ቀስ ብላ። “የሚያበራ ትንኝ።”

ሮጬ ወደ ቤታችን ሄድኩና የአባቴን የደም ግፊት መለኪያ ይዤ ተመለስኩ። በቀኝ እጇ መቶ ሰባ በመቶ አሥራ ሁለት አለ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ በግራዋ ለካሁ፤ መቶ ሰባ አራት። የሐኪሟ ቢሮ ደወልን። ስልኩን ያነሳችው ነርስ ቁጥሩን ስትሰማ ድምፅዋ ተለወጠ። “አሁኑኑ ሆስፒታል ግቡ። ሰው ካላችሁ ይንዳት፤ ካልሆነ አምቡላንስ ጥሩ። እዚያው እንዳትቆዩ” አለች።

ግርዶሹ ሊጀምር ሩብ ሰዓት አይሞላም ነበር።

“ሲያልፍ ትሄዳለች” አሉ አንቲ።

“ሲያልፍ ማለት ከሦስት ሰዓት ያህል በኋላ ነው” አልኩ።

“እኔ አራት ልጅ ወልጃለሁ። ራስ ምታት ራስ ምታት ነው። ዛሬ ከዚህ በር ብትወጣ ጥላው ሆዷ ላይ ይወድቃል።”

ወደ ጎረቤቴ፣ ወደ ጓደኛዬ ዞርኩ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የምትሠራ፣ በእናቷ ሣር የምትቀልድ ሴት ናት። “አንቺ አታምኚበትም አይደል?” አልኳት።

“አላምንም” አለች። “ግን ልጁ አንድ ነገር ቢሆን፣ አማ ዕድሜ ልኳን በምን ዓይን እንደምታየኝ አውቃለሁ። እኔም ራሴን በምን ዓይን እንደማይ።” ባሏ ፎርት ዎርዝ ሥራ ላይ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ደወልን፣ አላነሳም።

ኮሪደር ውስጥ ገብቼ እናቴ ጋ ደወልኩና የጎረቤቴን ግፊት መለካቴን አስረዳኋት።

“ስንት አለ?” አለችኝ።

ነገርኳት።

“እና ምን ትሠሪያለሽ ከኔ ጋር በስልክ?”

“እናትየዋ እምቢ አሉ እማዬ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ እንዴት አድርጌ…”

“ስሚኝ። ይሄ በሽታ ይጥላል። አንቀጥቅጦ ነው የሚጥለው። እናትንም ልጅንም ይዞ ይሄዳል። ትልቅ ሰው አክብሪ ብያለሁ፤ ሰው ሲሞት ቁጭ ብለሽ እይ አላልኩም! በይ ድምፅሽን አውጪ!” ስልኩን ዘጋችው።

ሳሎን ስመለስ አንቲ በሩ ፊት ቆመዋል። ቁመታቸው ትከሻዬ ድረስ ነው፤ ያን ጊዜ ግን በሩን ሞልተውታል። አምቡላንስ ብጠራ በፊት ለፊት በር፣ በዚያ ሰማይ ሥር ነው የሚያወጧት። እናቷ ቃሬዛው ፊት ሊተኙ ይችላሉ። የባከነውን ደቂቃ በልቤ እየቆጠርኩ አንድ ነገር መጣልኝ።

“አንቲ፣ ያ አንበሳ ንጉሡን የት ነው የገደለው?” አልኩ።

“ምን?”

“ቤት ውስጥ ነው ወይስ ደጅ?”

“ደፍ ላይ” አሉ ሳይወዱ።

“ጋራዣችሁ ከቤቱ ጋር የተያያዘ ነው። መኪናዬን አስገባለሁ፣ በሩ ይዘጋል። የኋላ መስኮቶቹን በአንሶላ እንጋርዳለን። ሆስፒታሉ ጣሪያ ያለው ፓርኪንግ አለው፤ ከዚያ በኮሪደር ይገባል። ከቤት ትወጣለች፤ ሰማይ ሥር ግን አትወጣም።”

አንቲ አዩኝ። ከዚያ በፊት እንዲህ ረጅም ነገር ተናግሬ አላውቅም።

“ታሪኩን አበላሸሽው” አሉ። “አንበሳው በዚያ ብልሃት ገደለ እንጂ አልሸሸም።”

“በቃ እኛ እንሽሽበት፣ አማ” አለች ልጃቸው ከሶፋው። እንደ ቀልድ ነበር ያለችው፤ ግን እጇ ግንባሯን ይዟል፣ ፊቷም አመድ መስሏል። ያንን ፊት እናቷም አዩት። አንቲ ከመስኮቱ አንሶላ መንቀል ጀመሩ።

አንሶላዎቹን በመኪናው በሮች ቆንጥጠን ዘጋናቸው። አንዱን ከፊት ወንበሮቹ ራስጌ አስረን የኋላውን ከፊቱ ለየነው። አንቲ ሣሩን ልጃቸው ወገብ ላይ ሻጡላትና አብረዋት ኋላ ገቡ። የጋራዡ በር ሲከፈት ብርሃኑ እኔ ላይ ብቻ ወደቀ።

ጠንቃቃ ነጂ ነኝ። አባቴ “ከአንቺ ኋላ መሆን እንቅልፍ ያመጣል” ይለኛል። ያን ቀን ግን ሁሉም መኪና እንደኔ ቀስ ይል ነበር፤ ሰዉ እየነዳ ወደ ሰማይ ያያል። በየመንገዱ ዳር ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። ብርሃኑ መሳሳት ጀመረ። ሲመሽ እንደሚሆነው ወርቃማ አልሆነም፤ እንደ ቆርቆሮ ግራጫ ሆነ፤ የዛፎቹ ጥላ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል።

ከኋላዬ አንቲ በቋንቋቸው ይደግማሉ።

“ድምፅሽን አሰሚኝ” አልኳት ጓደኛዬን።

“አለሁ። የድንኳን ሽርሽር የሄድኩ ነው የሚመስለኝ።”

አንድ መብራት አለፍን። “ድምፅሽን አሰሚኝ።”

“አለሁ።”

ሁለተኛው መብራት ላይ ቀይ ያዘኝ። “ድምፅሽን አሰሚኝ” አልኩ። መልስ የለም። አንቲ ድግማቸውን አቆሙ። አንሶላውን ገልጬ ማየት ፈለግሁ፤ ቃሌን አስቤ ተውኩት። “አሰሚኝ!” ብዬ ጮኽኩ።

“አስመለሰኝ” አለች በመጨረሻ። “ይቅርታ። መኪናሽ ላይ።”

ድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ ባቆም ኖሮ አራት ደቂቃ ቀድመን እንገባ ነበር። ግን በሩ ፊት ጣሪያ የለም፤ እኔም ቃል ገብቻለሁ። ፓርኪንጉ ውስጥ ገብቼ፣ ወደ ሁለተኛው ፎቅ ወጥቼ፣ በዊልቸር በኮሪደሩ አስገባኋት። ያን አራት ደቂቃ እስከ ዛሬ አስበዋለሁ።

ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ነገሩ ሁሉ ፈጠነ። መድኃኒት በደም ሥሯ ሰጧት፣ ሆዷ ላይ ቀበቶ አሰሩ። የሕፃኑ የልብ ምት በማሽኑ ይሰማል፤ እየሮጠ ሄዶ ዝግ ይላል፣ እንደገና ይሮጣል፣ እንደገና ዝግ ይላል። ሐኪሟ ሁለት ጊዜ አዳመጠችና “በኦፕራሲዮን ማውጣት አለብን፤ አሁን” አለች።

አንቲ “ቢላ” የምትለዋን ቃል ማንም ሳያወጣት ሰሙ። “አንድ ሰዓት ጠብቁ። ፀሐይ አሁን አፉ ውስጥ ናት። በዚህ ሰዓት ስለት አይነካትም” አሉ።

“አንድ ሰዓት የለኝም” አለች ሐኪሟ። አልተቆጣችም፤ እውነቱን ነበር የተናገረችው። ፊርማ የሚፈልገውን ወረቀት ዘረጋች።

ጓደኛዬ እስክሪብቶውን ይዛ እናቷን ታያለች። እስክሪብቶው ወረቀቱን አልነካም። ማሽኑ እንደገና ዝግ አለ።

“አንቲ” አልኩ። “ሐሙስ ዕለት ፊቷ ማበጡን አይቻለሁ። ምን እንደሆነ አውቄ ዝም አልኩ። አራት ቀን በእኔ ምክንያት አለፈ። ሌላ አንድ ሰዓት አልጨምርበትም። በእኔ ላይ ቂም ይያዙ።”

ጓደኛዬ የሰማችኝ አልመሰለኝም፤ መድኃኒቱ አደንዝዟታል። አንቲ ግን ሰሙኝ። ከዚያ የልጃቸውን አንጓ ይዘው እጇን ራሳቸው ወረቀቱ ላይ አደረጉት። ፈረመች። አልጋዋን እየገፉ ሲወስዷት መስኮቱ ጠቆረ። ከውጭ የሰው ጩኸትና ጭብጨባ ተሰማ። አንቲ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ተቀመጥን። ውሃ አመጣሁላቸው፤ አልጠጡም። ብርሃኑ ተመልሶ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። ነርሷ መጥታ “ሴት ልጅ ናት። ትንሽ ናት፤ ግን ትተነፍሳለች። እናቷም ደህና ናት” ስትል አንቲ ተነስተው ተከተሏት፤ እኔን አልጠሩኝም። ከሕፃናቱ ክፍል መስታወት በስተጀርባ ነርሷን ሲለምኑ አየሁ። ነርሷ የሕፃኗን ፊት ወደ ብርሃን አዞረችላቸው። አንቲ አንገታቸውን አስግገው ከንፈሯን ብቻ ለረጅም ጊዜ አዩ፤ አልተሰነጠቀም ነበር። ያን ቀን ከእኔ ጋር ሳይነጋገሩ ዋሉ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ልጠይቃት ሄድኩ። ባሏና እናቷ ሕፃኗ ጋ ነበሩ፤ ክፍሉ ውስጥ እሷ ብቻ ነበረች። ለእናቷ የተናገርኩትን ለእሷም መንገር ነበረብኝ። በሩ አጠገብ እንደቆምኩ ነገርኳት።

ጣሪያውን እያየች ሰማችኝ። “አራት ቀን” አለች።

“አዎ።”

“ለምን?”

“ዓይን አለባት እንዳትሉኝ።”

“ማነው የሚልሽ? እኔ?”

“እናትሽ። ወይ እናቴ። አላውቅም።”

ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። “ልጄ ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ ናት። አፍንጫዋ ላይ ቱቦ አለ” አለች። “ልቆጣሽ ነበር። ደህና አድርጌ ልቆጣሽ። ግን ራሴን እያመመኝ ነው፤ ሌላ ቀን።”

“ዛሬም ያምሻል?”

“ትንሽ።”

ያን ጊዜ ዓይኔን ከጫማዬ አንስቼ አየኋት። የግራ ዓይኗ ሽፋን ወርዷል። ፊቷ ማታ በስልክ ከላከችልኝ ፎቶ ይልቅ ተወጥሯል። የእጇ ጣቶች አንሶላው ላይ ተነፍተዋል።

“ፊትሽ ከማታው ይልቅ አብጧል” አልኳት። “እጅሽም። ራስሽን ማመም የጀመረሽ መቼ ነው?”

“ከምሳ በፊት።”

“ለነርሷ ነግረሻታል?”

“አማ እዚህ ነበረች፤ እንዳትደነግጥ ብዬ…”

የአልጋውን ጥሪ ተጫንኩ። ማንም አልመጣም። በሩን ከፍቼ ኮሪደሩ መሀል ቆሜ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ነርስ ብዬ ተጣራሁ። ሁለት ነርሶች ሮጠው መጡ። ግፊቷ እንደገና ወጥቶ ነበር። መድኃኒቱን ጨመሩላት፤ አመሻሹ ላይ ወረደ።

ነርሶቹ እሷ ላይ ጎንበስ ብለው ሳለ አንቲ ከኮሪደሩ ጫፍ እያለከለኩ ደረሱ።

“ማነው እንደዚያ የጮኸው?” አሉ።

ጓደኛዬ ከነርሶቹ መካከል እጇን አውጥታ ወደ እኔ ጠቆመች።

አንቲ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። “ይህቺ?” አሉ።